በደሴ እሬት የሚሞተው በጥም አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ ባወጣችሁት እትም ላይ ድርቅን የሚቋቋሙ ተክሎችን በቤት ውስጥና በግቢ ስለ ማሳደግ የቀረበውን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው እሬትን፣ በተለይም በከተሞቻችን አሎቬራ እየተባለ የሚታወቀውን ዓይነት፣ ውሃ የማይጠይቅና ብዙ ክትትል የማያስፈልገው ተክል አድርገው አቅርበውታል። ስለ ተክሉ ተፈጥሮ የተናገሩት ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ምክሩ ለየትኛው አየር ንብረት እንደ ተሰጠ ስላልተገለጸ፣ የደሴ ነዋሪ ቃል በቃል ቢከተለው ክረምቱ ሳያልቅ ተክሉን ያጣዋል። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የአካባቢዬ ነዋሪዎች፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም ጭምር፣ የበሰበሰ እሬት ይዘው መጥተው «ውሃ አንሶት ይሆን?» እያሉ መጠየቃቸው ነው። ጥያቄው ራሱ ችግሩ የት ላይ እንዳለ ያሳያል፤ ተክሉን የገደለው ውሃ ሆኖ ሳለ ሰው የሚጠረጥረው ጥምን ነውና።

እሬት በደሴ ቤቶች ለምን እንደ ተወደደ ለማንም ግልጽ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር፣ በጀሪካን የተጠራቀመው ውሃ ለወጥና ለልብስ ሲብቃቃ፣ ለአበባ የሚተርፍ የለም። በዚህ ላይ ተክሉ በትንሽ ሥፍራ ያድጋል፣ በየጊዜው ከሥሩ ልጆች ያወጣል፣ እናቶችም ለተቃጠለ ቆዳና ለፀጉር ይፈልጉታል። እኔም ብሆን ለጓሮው ጠባብ ለሆነ ሰው የመጀመሪያ ተክል ምረጥ ብባል ከእሬት የተሻለ አላመጣም። የምቃወመው «አይሞትም» መባሉን ብቻ ነው።

ተክሉ ድርቅን የሚችልበትን መንገድ ማወቅ ለአያያዙ ይጠቅማል። አብዛኞቹ ተክሎች የቅጠላቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያስገቡ፣ በዚያው ቀዳዳ ብዙ ውሃ በትነት ያጣሉ። እሬት ግን ቀን ቀን ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ይውላል፤ አየሩ በሚቀዘቅዝበት ሌሊት ከፍቶ ጋዙን ያስገባና በአሲድ መልክ በቅጠሉ ውስጥ ያከማቻል፤ ሲነጋ እንደገና ዘግቶ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያዘጋጃል። በወፍራም ቅጠሉ መካከል ያለው ዝልግልግ ነገርም የውሃ ማጠራቀሚያው ነው። ስለዚህ እሬት ውሃን የሚያወጣው በዝግታ ነው፤ በዝግታ የሚያወጣ ደግሞ በዝግታ ይስባል። በባልዲ ብናፈስለትም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊጠጣው አይችልም፤ ያልተጠጣው ውሃ በሥሩ ዙሪያ ተኝቶ ይቀራል። ሥር ደግሞ እንደ ማንኛውም ሕያው ነገር አየር ይፈልጋል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ለሳምንታት በውሃ ሲሞላ ሥሩ ይታፈናል፤ የታፈነውን ሥር ፈንገስና መሰሎቹ ይበሉታል፤ ብስባሴውም ወደ ግንዱ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ቅጠሉ ለስልሶ ይወድቃል፣ ይገረጣል፣ ከታችም ይጠቁራል። ሥሩ ስለ ሞተ ተክሉ ውሃ መሳብ አይችልም፤ በመሆኑም ውሃ የጎደለው ይመስላል። ባለቤቱ አዝኖ ይጨምርለታል፤ ነገሩም ያኔ ያበቃል።

እዚህ ላይ የሁለቱን ከተሞቻችንን ልዩነት ላንሣ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን የምናገኛት ኮምቦልቻ 1 ሺህ 850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላው ይህ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ያወርደናል። አየር በየ1 ሺህ ሜትሩ ከፍታ በአማካይ ከ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል 4 ዲግሪ ያህል የሙቀት ልዩነት አለ ማለት ነው። ለሰው ይህ ጋቢ የመደረብና ያለመደረብ ጉዳይ ነው፤ ለእሬት ግን የማደግና ያለማደግ ጉዳይ ይሆናል። አሎቬራ የሚባለው ዓይነት የትውልድ አገሩ የዓረብ ልሳነ ምድር ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱን ያቆማል ለማለት ይቻላል። የደሴ ሌሊት በብዙ ወራት ከዚህ በታች ይወርዳል። እንግዲህ ኮምቦልቻ ላይ በአሥር ቀን የሚደርቀው አፈር ደሴ ላይ ሦስትና አራት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ተክሉም በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ከአፈሩ የሚስበው ጥቂት ነው። ኮምቦልቻ ያለች እኅት በየሁለት ሳምንቱ እያጠጣች ያሳመረችውን እሬት፣ ደሴ ያለችው እኅቷ በዚያው ልክ ብታጠጣው ታበሰብሰዋለች። ሁለቱም ትጉሃን ናቸው፤ ልዩነቱ የከፍታው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው አፈሩ ነው። በየመንገዱ ዳር የሚሸጠው እሬት አብዛኛውን ጊዜ በጥቁር የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ፣ በዋልካ ወይም ፍግ በበዛበት አፈር የተተከለ ነው። ሻጩ ይህን ማድረጉ አያስወቅሰውም፤ ዋልካ ውሃ ስለሚይዝ ችግኙን በየቀኑ ከማጠጣት ያድነዋል፣ ተክሉም ከእጁ የሚወጣው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ገዢው ግን ቤቱ እንደ ደረሰ አፈሩን መለወጥ አለበት። እኔ የምመክረው አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ያለበት የጓሮ አፈር፣ አንድ እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደግሞ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠጠር ወይም ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደባልቆ መጠቀምን ነው። ለደሴ ሲሆን የአፈሩን ድርሻ ከዚህም መቀነስ ይሻላል። አሸዋው ለልስን የሚሆነው ደቃቅ ዓይነት መሆን የለበትም፤ ደቃቁ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ክፍተት ደፍኖ ነገሩን ከቀድሞው ያብሰዋል። ለግንባታ ከመጣው አሸዋ ላይ ከተወሰደም፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥቦ ጭቃው መውጣት አለበት።

ስለ ማስቀመጫው ሁለት ነገር ብቻ እላለሁ። የመጀመሪያው፣ ከታች ቀዳዳ የሌለው ነገር፣ ውብ የሆነ የሸክላ ጌጥም ይሁን የቀለም ባልዲ፣ ለእሬት መቃብሩ ነው፤ ባልዲውን በጋለ ሚስማር በአራት በአምስት ቦታ መብሳት ቀላል ሥራ ነው። ከተቻለ ደግሞ ያልተቀባ ሸክላ ከፕላስቲክ ይበልጣል፤ እርጥበቱን በግድግዳው በኩልም ያስወጣልና። ሁለተኛው ብዙዎች የማይስማሙበት ነው። ከማስቀመጫው ሥር የጠጠር ንጣፍ ማድረግ ውሃውን ያንጠፈጥፋል የሚለው ልማድ በጣም የተስፋፋ ቢሆንም፣ በእውነቱ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም፤ ከላይ ያለው አፈር ከልክ በላይ እስኪጠግብ ድረስ እዚያው ተይዞ ይቆያል። በዚህም ምክንያት ጠጠሩ የሚያደርገው ነገር ቢኖር፣ የረጠበውን ክፍል ከማስቀመጫው ወለል አንሥቶ ወደ ሥሩ ማስጠጋት ነው። ጠጠሩ ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ እንጂ ለብቻው አይነጠፍ።

ብርሃንን በተመለከተ ከውጭ አገር የሚቀዱ ምክሮች ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ምረጡ ይላሉ። ይህ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ እውነት ነው። ወሎ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ላይ ታልፋለች። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ያዘነበለች ናት፤ ስለዚህ በበጋ ፀሐይ የጠገበው የደቡብ መስኮት በእነዚህ ወራት ቀጥተኛ ጨረር አያገኝም። የዓመቱን ሁሉ ጉዳይ ካሰብን፣ ለደሴ ቤት የሚሻለው የምሥራቅ መስኮት ወይም ወደ ምሥራቅ የሚያይ በረንዳ ነው። በምዕራብ በኩል የጦሳ ተራራ ስላለ፣ በተለይ ከተራራው ግርጌ ባሉ ሰፈሮች የከሰዓት በኋላው ፀሐይ ቶሎ ትሰወራለች፤ የጧቱ ግን በሙሉ የእኛ ነው። እሬት ብርሃን ሲያንሰው ቅጠሉ ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ በመጨረሻም ወደ ጎን ይዘረጋል። በተቃራኒው፣ ሳሎን ውስጥ ለወራት የኖረውን ተክል በአንድ ቀን አውጥቶ ለቀትር ፀሐይ ማስጣት ቅጠሉን ቀይ ቡናማ ያደርገዋል፤ ይህ መቃጠል እንጂ በሽታ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት የጧቱን ብቻ፣ ቀጥሎም እየጨመሩ ማለማመድ ነው።

ወደ ማጠጣቱ ስመለስ፣ ደንቡ አጭር ነው፤ ሲጠጣ ጠጥቶ ይርካ፣ ከዚያም አፈሩ እስከ ታች ድረስ እስኪደርቅ ይተው። በየቀኑ በብርጭቆ ጠብ ማድረግ ከሁሉ የከፋው ልማድ ነው፤ ላዩን እያረጠበ ሥሩን ያሳስታል። አፈሩ መድረቁን ለማወቅ ቀጭን የእንጨት ስንጥር እስከ ማስቀመጫው ግማሽ ድረስ ሰክቶ ትንሽ ቆይቶ መንቀል ይበቃል፤ አፈር ተለጥፎበት ከወጣ ወይም ከቀዘቀዘ ገና ነው። ቁጥር ለሚሹ አንባቢያን ግን ግምቴን ልስጥ። ኮምቦልቻ ላይ በበጋው ወራት ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ከዚህ ትንሽ ቀረብ ባለ ጊዜ ቢጠጣ ይስማማዋል። ደሴ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር በወር አንድ ጊዜ፣ ያውም ፀሐይ በወጣበት ረፋድ፣ በቂ ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት የበልጉን ዝናብ እያዩ፣ በግንቦት ወደ ሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ደሴ ላይ እሬትን ማጠጣት አያስፈልግም። የዓመቱ ዝናብ ትልቁ ድርሻ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ተክሉ በማስቀመጫ ከሆነ ከቆርቆሮው ጠብታ ርቆ በረንዳ ላይ ወይም ከጣሪያ ክፈፍ ሥር መግባት አለበት። መሬት ላይ የተተከለ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ከፍ ባለ፣ ድንጋይ በበዛበት ተዳፋት ላይ መሆን ነበረበት፤ የደሴ ግቢ ደግሞ ተዳፋት አያጣም።

ስለ ውሃው ዓይነትም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ውሃ ሲቸግር ሰው የታጠበበትን ለተክል መስጠቱ የተመሰገነ ብልኃት ነው። አትክልት ወይም ሩዝ የታጠበበት ውሃ ለእሬት ምንም አይጎዳም። በረኪና የገባበት፣ የዱቄት ሳሙና የበዛበት ወይም ጨው ገብቶ የተቀቀለበት ውሃ ግን አይሰጠው፤ በትንሽ ማስቀመጫ ውስጥ ጨው ተጠራቅሞ የሥሩን ጫፍ ያቃጥላል፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚጠጣ ተክል ደግሞ ጨውን አጥቦ የሚያወርድለት ውሃ አያገኝም። ከዚህ ሌላ ማዳበሪያ ብዙ አያስፈልገውም። በዓመት አንድ ጊዜ በግንቦት አንድ እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት ካገኘ ይበቃዋል። ከእርሻ የተረፈ ዩሪያ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ ቅጠሉን አለስልሶና አሳብጦ ለብስባሴና ለብርድ የሚያጋልጠው ይኸው ነው።

ብርዱን ካነሣን፣ ሰማዩ በጠራበት የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር እየከበደ ወደ ዝቅተኛው ሥፍራ ስለሚወርድ፣ ከኮረብታው ላይ ይልቅ ሸለቆው ውስጥ ያለው ግቢ ውርጭ ያገኘዋል። የእሬት ቅጠል በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃው በሴሎቹ ውስጥ ሲረጋ ግድግዳቸውን ይቀድዳል፤ በማግሥቱ ቅጠሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ዓይነት ሆኖ ይታያል፣ ከዚያም ይሟሟል። መከላከያው ቀላል ነው፤ አፈሩን በእነዚያ ወራት ደረቅ ማድረግና ማስቀመጫውን ማታ ከግድግዳ ማስጠጋት። ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ሌሊቱን ሙቀት ይሰጣል። መሬት ላይ ያለውን በጆንያ መሸፈን ይቻላል፤ ሲነጋ ግን ጆንያው ይነሣ። ፕላስቲክ ቅጠሉን ነክቶ ካደረ ከራሱ ከውርጩ ያላነሰ ይጎዳልና አልመክረውም።

ማራባቱ ቀላል ነው። ከእናቲቱ ሥር የሚወጡት ልጆች አራት አምስት ቅጠል አውጥተው አንድ ስንዝር ያህል ሲደርሱ፣ አፈሩን ገልጦ የራሳቸውን ሥር ይዘው እንዲወጡ በንጹሕ ቢላዋ መለየት ነው። የተቆረጠው ቦታ በጥላ ሥር ሁለት ሦስት ቀን ደርቆ ቁስሉ ይዘጋ፤ ከዚያ በደረቅ አፈር ተተክሎ ለአንድ ሳምንት ያህል ውሃ ሳይነካው ይቆይ። ከዚህ በፊት ማጠጣት ክፍት ቁስል ላይ ጭቃ መለጠፍ ነው። ለዚህ ሥራ ደሴ ላይ የተሻለው ወር ግንቦት ነው፤ ሙቀቱ አለ፣ ክረምቱ አልገባም። ቅጠል ቆርጦ መሬት ውስጥ መሰካት ግን ለእሬት አይሠራም ማለት ይቻላል፤ ቅጠሉ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆይና ሥር ሳያወጣ ይበሰብሳል። ይህን የሚያስተምሩ ሰዎች ከቁልቋል ጋር እያምታቱት ይመስለኛል፤ የበለስ ቁልቋል ጠፍጣፋ፣ ቅጠል መሳይ ግንድ ሲተከል በእርግጥ ሥር ያወጣል።

አሁን በጽሑፋችሁ ጨርሶ ወዳልተነሣው፣ ለእኔ ግን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነጥብ ልምጣ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም በሌላ የዓለም ክፍል የማይበቅሉ የራሳችን ናቸው። እነዚህን በማጥናት ረገድ የዕፅዋት ተመራማሪው የፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ሥራ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ ነው። በሸዋና በወሎ ደጋ የሚበቅለው፣ ሳይንሳዊ ስሙ ከደብረ ብርሃን የተወሰደው ዝርያ፣ የደጋውን ብርድ እያየ የኖረ ነው። በወሎ ገደሎች ላይ ተንጠልጥሎ የሚያብብም ሌላ ዝርያ አለ። ከዓረብ የመጣውን ዓይነት በደሴ ብርድ ከማስጨነቅ፣ ለጌጥና ለአጥር ለሚፈልግ ሰው ደጋውን የለመደው የራሳችን እሬት ይሻለዋል። መለየቱም አይከብድም። የመጤው ቅጠል ግራጫ የቀላቀለ አረንጓዴ ሆኖ ወደ ላይ የቆመ፣ አበባው ቢጫ ነው፤ የአገሬው እሬቶች አበባ ግን በአብዛኛው ቀይ ወይም ብርቱካንማ ሲሆን፣ ምላሱን ወደ አበባው አስገብቶ ማር የሚመጥጠው ትንሹ አንጸባራቂ ወፍ በብዛት የሚመላለስበት ነው። አንዳንድ ጊዜ ቃጫም እሬት ተብሎ ይሸጣል፤ የቃጫ ቅጠል ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ፣ ሲሰበርም በጠንካራ ጭረት የተሞላ ስለሆነ አንባቢ አይሳሳትም።

ይሁን እንጂ ይህን ስል ሰው አካፋ ይዞ ወደ ተራራ ይውጣ ማለቴ አይደለም። ከሜዳ የተነቀለ ትልቅ እሬት ሥሩ ተቆርጦ ስለሚመጣ ብዙውን ጊዜ አይጸድቅም፤ የተነቀለበትም ተዳፋት አፈሩን ይዞለት የነበረውን ያጣል። ከአሎቬራ በቀር የእሬት ዝርያዎች በሙሉ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት ውስጥ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መካከል መመዝገባቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። መንገዱ ልጅ ከጎረቤት መቀበል፣ ወይም ዘር መዝራት ነው። አበባው ደርቆ ፍሬው ሊፈነዳ ሲል የሚለቀመው ጥቁር ስስ ዘር፣ በአሸዋማ አፈር ላይ ተበትኖ ስስ ሽፋን ቢደረግለትና በሙቀት ቢጠበቅ ይበቅላል፤ ለማበብ ግን ዓመታት ይፈልጋል። የከተሞቻችን የችግኝ ጣቢያዎች ለአረንጓዴ ልማት ከሚያፈሉት ባሕር ዛፍና ጽድ ጎን ለጎን የአገሬውን እሬት ከዘር ቢያፈሉ፣ ገዢ እንደማያጡ እርግጠኛ ነኝ።

ስለ አጠቃቀሙ ጽሑፋችሁ ብዙ ስላለ እኔ አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። ከቅጠሉ ልጣጭ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽና መካከል ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቢጫው ሆድን በኃይል የሚያስቀምጥ ንጥረ ነገር አለበት፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2002 ይህን የያዙና ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የሆድ ማለስለሻዎች ከገበያ እንዲወጡ ያደረገው ስለ ደኅንነታቸው በቂ ማስረጃ ባለመቅረቡ ነው። ለቆዳ የሚፈልገው ሰው ከታች ያለውን የበሰለ ቅጠል ቆርጦ፣ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጎ ለሩብ ሰዓት ያህል ያቁመው፤ ቢጫው ተንጠፍጥፎ ከወጣ በኋላ ይላጠው። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ግን በምንም መልኩ እንዳይጠጡት።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው፣ ስለ ተክል አያያዝ ጽሑፍ ስታወጡ ምክሩ ለደጋ፣ ለወይና ደጋ ወይም ለቆላ መሆኑን ከርእሱ ሥር በአንድ መስመር እንድታመለክቱ ነው። አገራችን በአንድ ሰዓት መንገድ ከአንዱ ወደ ሌላው የምታሸጋግር ስለሆነች፣ ይህ መስመር ከብዙ ዝርዝር ይበልጥ አንባቢን ይረዳል።

ይህ ደብዳቤ የሚወጣው ክረምቱ ሳያልቅ ከሆነ፣ እሬታቸው መለስለስ ለጀመረ የደሴ ሰዎች ገና ጊዜ አለ። ተክሉ ከነሥሩ ይውጣና አፈሩ ይራገፍ፤ የጠቆረውና የለሰለሰው ሥር ሁሉ በንጹሕ ቢላዋ ይቆረጥ፤ ግንዱ ሲቆረጥ መካከሉ ቡናማ ነጥብ ካሳየ፣ ነጭና ጠንካራ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ወደ ላይ ደጋግሞ መቁረጥ ያስፈልጋል። ቢላዋው በየቁርጡ መካከል በአልኮል ይጠረግ። የቀረው ክፍል ሥር ባይኖረውም፣ ዝናብ በማይደርስበት ነፋሻ ሥፍራ ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ጋደም ብሎ ይድረቅ፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ ለዚያ ጊዜ ይበቃዋልና ማንም አይዘንለት። ከዚያም በአብዛኛው አሸዋና ጠጠር በሆነ ደረቅ ድብልቅ ላይ ይቀመጥ፣ እንዳይወድቅ በሁለት ድንጋይ ይደገፍ፣ እስከ መስከረም አጋማሽም ውሃ አይቅመስ። በቀስታ ሲነቀነቅ አልነቃነቅ ካለ ሥር ይዟል ማለት ነው፤ የመጀመሪያውን ውሃ ያኔ ይስጡት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረታ የወጣሁ የሥነ ሕይወት መምህር
ሸዋ በር፣ ደሴ